ፀሐይ ያየንበት ፊልም

አባቴ ዳንግላ ውስጥ ፎቶ አንሺ ነበር። ካሜራው ውስጥ የሚገባው ፊልም አሥራ ሁለት ጊዜ ያነሳል፤ ካላለቀ ደግሞ አይታጠብም። ደንበኛ ጉርድ ፎቶውን ቶሎ ፈልጎ ሲጨቀጭቀው፣ አባቴ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ገበያው መንገድ ይወጣና የቀረውን ባገኘው ነገር ላይ ይጨርሰዋል፤ ጋሪ፣ አህያ፣ ድንች የተሸከመች ሴት፣ ዝናብ ያራሰው ቆርቆሮ። ዛሬ ሰዎች «የድሮዋ ዳንግላ» እያሉ የሚያደንቋቸው ፎቶዎች የተገኙት እንዲህ ነው። ለታሪክ ብሎ ያነሳው አንድም የለም።

ሲሞት የታጠቡትን ፊልሞች፣ ኔጋቲቮቹን፣ በየፖስታቸው እንዳሉ በአንድ የብስኩት ካርቶን ተረከብኩ። እኔም በዚያው በእሱ ፎቶ ቤት ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ የመታወቂያ ጉርድ አትማለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፀሐይ ትጋረዳለች ተባለ። በባዶ ዓይን ማየት ያሳውራል፣ በፊልም ነው የሚታየው ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ እኔ ጋ መጣ። እኔ ደግሞ ለጋስ ሲሉኝ ነፍሴን አላውቅም። ካርቶኑን አወጣሁ። ሰው ሲበዛብኝ «ለአንድ ዓይን ግማሹ ይበቃል» አልኩና በመቀስ እየከፈልኩ እንደ ዝክር ዳቦ አደልኩት። ያን ቀን የተመረቅኩትን ያህል በሠርጌም አልተመረቅኩም።

ከተረፉት ጥቂቶቹን አትሜ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ባለፈው ጥቅምት ከግምጃ ቤት ከተማ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ አንዲት አሮጊት ኮፒ ሊያስነሱ ገቡና ከአንዱ ፎቶ ፊት ቆመው ቀሩ። የገበያው መንገድ ነው፤ ጋሪ ተገልብጦ ድንቹ ተበትኗል።

«ይህን ቀን አውቀዋለሁ» አሉ። «እኔና ልጄ እዚህ ጥግ ቆመን ነበር። ያ ሰውዬ ወደኛም ዞሮ አንስቶናል።»

ልጅቷ በዚያው ክረምት ታማ ሞታለች። ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ሌላ ፎቶ ተነስታ አታውቅም።

«መልኳ ጠፋኝ፣ የኔ ጌታ። ድምጿ አለ። ፊቷን ላስብ ስል ግን የእህቴ ልጅ ናት የምትመጣብኝ።»

በሳምንቱ የገበያ ዕለት እንዲመለሱ ነገርኳቸውና ካርቶኑን ገለበጥኩት። አባቴ አንዱ ፖስታ ላይ «የተገለበጠው ጋሪ» ብሎ ጽፏል። ውስጡ ሁለት ኔጋቲቭ አለ፤ አንዱ ሙሉ፣ ሌላው ግማሽ። ግማሹን ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁት። አንዲት ወጣት ሴት ቆማ ቀኝ እጇን ወደ ታች ዘርግታለች። እጇ አንጓው ላይ ያበቃል። መቀሱ የእኔ ነው።

ቤት ለቤት ዞርኩ። አንዷ ጎረቤቴ «ያኔውኑ ጣልነው እንጂ፣ ምን ይሠራል ብለን እናስቀምጠዋለን?» አለችኝ። ወፍጮ ቤት ያለው ሰውዬ ሳቀና «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አለ። ልመታው ቃጣኝ፤ ግን እሱ ምን አጠፋ? ልብስ ሰፊው አንድ ቁራጭ ከመሳቢያው አገኘልኝ። እየሮጥኩ ቤቴ ገብቼ ወደ ብርሃን አነሳሁት። የአህያ ጭራ ነበር።

በገበያው ዕለት እናትዮዋ መጡ። ግማሹን አትሜ ነበር የጠበቅኳቸው። ጠፋ ብዬ ልዋሽ አስቤ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ አቃተኝ። ፀሐዩንም መቀሱንም፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። እየሰሙኝ ጣታቸውን ፎቶው ላይ እጃቸው በሚያልቅበት ጠርዝ አሳረፉ። በአገውኛ ለራሳቸው የሆነ ነገር አሉ። ዳንግላ ተወልጄ አድጌ አልገባኝም፤ ምን አሉ ብዬ ለመጠየቅም አልደፈርኩም። እንዲቆጡኝ ፈለግኩ። ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር።

ፎቶውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ተነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ፀሐይዋንስ አያችኋት?»

«አየናት፣ እናቴ» አልኩ።