ልጆቼ ለመርዶ ነጋሪ ያወጡት ስም

ቀልድ አልወድም። ልጆቼም ይህን ያውቃሉ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፊደልን ከአጎቴ ተማርሁ፤ ዕብራይስጥን ደግሞ ወደ ፋብሪካ በምሄድበት አውቶቡስ ውስጥ ሰው ጥሎት ከሚወርድ ጋዜጣ ለቀምሁ። ስለዚህ ቃል በከንቱ ሲበተን ማየት ያመኛል። ልጆቼ ግን ቃል እንደ ልባቸው ይፈበርካሉ።

ሃይፋ ላይ አዛካው፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያው ደወል፣ ሲጮህ በከረመበት ሰሞን፣ ከጩኸቱ ቀድሞ ስልክ ላይ የሚደርሰውን ማስጠንቀቂያ ሰዉ ሁሉ «ሃትራአ» ይለው ነበር። ሴት ልጄ ታዲያ በር ከመክፈቴ በፊት ደረጃው ላይ ጉሮሮዬን የምጠርግባትን ሳል «ሃትራአ» አለቻት። ያቺ ሳል ስትሰማ ቴሌቪዥኑ ይቀነሳል፣ እግር ከጠረጴዛ ላይ ይወርዳል። ሃሊሳ ሰፈር ያለው ሕንፃችን አሮጌ ስለሆነ ማማድ የሚሉት ባለ ወፍራም ግድግዳ መጠለያ ክፍል የለውም። አዛካው በጮኸ ቁጥር ደረጃው ሥር ተኮልኩለን እንቀመጣለን። ሁለቱ ልጆቼ እኔ በምደርበው ጋቢ ውስጥ ይገቡና «ማማድ ገባን» ይላሉ። እናታቸው ትስቃለች። እኔ አልሳቅሁም፤ ሰው የሚፈራውን ነገር በስሙ መጥራት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ያን ጊዜ የእኔ ፍርሃት ሃይፋ አልነበረም። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ጎንደር ቀርታለች። እኛ ወደ እስራኤል ስንወጣ «ትከተላችኋለች» ተብሎ ነበር፤ ስትጠብቅ አረጀች። ታመመች። እዚያም የተነሣው ውጊያ መንገዱን ዘጋው። መጨረሻ ስንነጋገር «መንገዱ ሲከፈት ሐኪም ቤት ይወስዱኛል፤ አንተ ብቻ አታስብ» አለችኝ። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቴ በፊት እደውላለሁ፤ አይጠራም።

ልጆቼ ካወጧቸው ቃላት ሁሉ የከፋብኝ «ሾፍቲም» ነው።

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ለዘመዱ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ማልደው፣ ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ፣ ቤቱ ይሄዳሉ። ይቀመጣሉ፣ ጥቂት ዝም ይላሉ፣ ከዚያ አንዱ ይናገራል። ፊቴ የማይፈታ ስለሆነ ይሆናል፣ ለዚህ ሥራ ሁልጊዜ እጠራለሁ። ከሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች ጋር ወደ ክርያት አታና ወደ ቲራት ካርሜል እየሄድሁ ስንቱን አርድቻለሁ። አንድ ጠዋት ጥቁር ኮቴን ለብሼ ስወጣ፣ ልጄ ለወንድሟ «ሾፍቲም ወጡ» ስትል ሰማኋት። ዳኞቹ ወጡ ማለቷ ነው።

«የምን ዳኞች?» አልኋት።

«የቴሌቪዥኑ ዘፈን ውድድር ዳኞች ነዋ! አባ፣ ቁርጥ እነሱን እኮ ናችሁ። ሶፋ ላይ ትደረደራላችሁ፣ ፊታችሁን ትቋጥራላችሁ፣ የሰውየው ልብ እስኪፈርስ ዝም ትላላችሁ። ከዚያ ‹ወንድሜ፣ ጉዞህ እዚህ ላይ አበቃ!›»

ወንድሟ በሳቅ ተንከተከተ።

«በሰው ሞት ትስቂያለሽ?»

«በሞቱ አይደለም፣ በእናንተ ነው። ቤሰደር፣ እሺ አባ፣ አትቆጣ።»

አትቆጣ አለችኝ፤ አንቱታውን ከተወችው ቆይታለች። ሞትን መጫወቻ የሚያደርግ ሰው ልቡ ይደነድናል ብዬ ገሠጽኋት። ቃሉ ከእኔ ፊት ጠፋ፤ ከቤቱ ግን አልጠፋም።

ዓርብ ዕለት ሴት ልጄ እንደ ልማዷ ከሠራዊቱ ለሰንበት መጣች፤ ወንድሟም ወታደር ነው፣ እሱ ግን ሰሜን ቀርቶ ነበር። ማዕድ ላይ ሳቋ በዝቶ ነበር። «ከጎንደር የሰማችሁት ነገር አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። እናቷ ተነሥታ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

«ኔትወርኩ ሚሉኢም ተጠርቷል፣ አባ» አለች ልጄ። «ሲለቁት ይመጣል።» ሚሉኢም የተጠባባቂ ወታደር ግዳጅ ነው።

«በእህቴ ስልክ ትቀልጃለሽ? በሰንበት?» ብዬ ጮኽሁባት።

አንገቷን ደፋች። መልስ የማታጣ ልጅ ተነሥታ ሳህኖቹን ሰበሰበች። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

እሑድ፣ የሥራው ሳምንት ሲጀምር፣ ጠዋት ስነሣ ቤት አገኘኋት። ሌላ ጊዜ ከእኔ ቀድማ በባቡር ወደ ጦር ሰፈሯ ትሄዳለች። የደንብ ልብሷን አልለበሰችም፤ ሶፋው ላይ የተዝረከረከውን ልብስ እያነሣች ነበር።

«ምነው አልሄድሽም?»

«ፈቃድ ሰጡኝ።»

የምሳ ቦርሳዬን እጇ ላይ ይዛለች። እጄን ብዘረጋ አልሰጠችኝም። «ትንሽ ቆይ፣ አባ» አለች። ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። ብዙ ሰው እየወጣ ነው፤ አንድም የሚያወራ የለም። ያንን አወጣጥ አውቀዋለሁ።

ሌላ ጊዜ አራት ሆነን ነበር የምንሄደው። አሁን ሦስት ነበሩ።

ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ዝም አሉ። ስንቱን ሰው በዚያ ዝምታ ፊት አስቀምጬዋለሁ፤ ለሰውየው ጊዜ መስጠት ነው እያልሁ አምን ነበር። መርዶ ተቀባይ ሆኜ ሳየው ግን ልጄ እንዳለችው ነው። የአንዱን ጫማ፣ የሌላውን ጉልበት እያየሁ ልቤ ፈረሰ።

«እንግዲህ አንቱ ይኸን ነገር ከእኛ ይልቅ ያውቁታል» አሉ ትልቁ። ከዚያ ነገሩኝ። መንገዱ ሳይከፈት እህቴ ሞታለች፤ ተቀብራለችም።

ወሬው ዓርብ ቀን ለባለቤቴና ለልጄ ደርሷቸው ነበር። በሰንበት መርዶ አይነገርም። ስለዚህ ልጄ ይዛው አደረች፣ ይዛው ዋለች። ሳቁም የስልኩም ቀልድ ለዚያ ነበር፤ ጩኸቴንም ስለዚያ ታግሣ ተቀበለችው።

ከሰዓት በኋላ ወንዱ ልጄ ከሰሜን፣ ካለበት የጦር ሰፈር ደረሰ። ዓይኑ ቀልቷል።

«በስልክ ነገሩህ?» አልሁት። በዚያ ሐዘን መካከል እንኳ ሥርዓቱ ተጣሰ ብዬ ልቆጣ ነበር።

«ማንም አልነገረኝም» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። እህቱ አንድ መስመር ጽፋለታለች፦ «ሾፍቲም ቤታችን ናቸው። ና።»

ደግሜ አነበብሁት። «ሞተች» የሚል የለም፣ ስም የለም። እኔ ሳስጠብቀው የኖርሁትን ልማድ እኔ በከለከልኋት ቃል ጠብቃዋለች። ልጄን «ደህና አድርገሻል» አልኋት። ቃሉን አሁንም አልወደውም፤ ውሸት ነው ግን አልልም።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ ሽማግሌዎቹ ለሌላ መርዶ ቲራት ካርሜል ጠሩኝ። ጥቁር ኮቴን ለበስሁ። ልጄ ሻንጣዋን አዝላ፣ የደንብ ልብሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ «ሃትራአ» ግን አላለችም። የኮቴን ኮሌታ አስተካክላልኝ፦

«በደህና ይግቡ፣ አባ» አለችኝ።

አንቱ አለችኝ። ስመኘው የኖርሁት ነበር። ደረጃውን ቀስ ብዬ ወረድሁ፤ ከላይ ሳቅ ይሰማ እንደሆነ ጆሮዬን አቆምሁ። አልተሰማም።