የጉሮሮ ዓይን

ሰሞኑን የጎረቤቴን ትንሽ ልጅ ቶንሲል ይዟት እናቷ ጠዋትና ማታ በጨው ውሃ ጉሮሮዋን ታሳጥባታለች፤ በመካከላችን ያለው አጥር ቆርቆሮ ስለሆነ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሁሉንም እሰማለሁ። ልጅቷ አንገቷን ቀና አድርጋ ውሃውን እያንኳረረች ከጉሮሮዋ ሥር «ዐ... ዐ... ዐ...» ስትል የያዝኩትን ትቼ አዳምጣለሁ። ኧረ በአላህ! እኔ አንድ ክረምት ሙሉ ታስሬ የፈለግኋትን ፊደል ይቺ በቶንሲል አገኘቻት! መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ እንባዬ።

ያደግሁት እዚሁ ሐይቅ፣ ከከተማው ዳር፣ አክስቴ ቤት ነው። እናቴ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ስለነበር መልኳን የማውቀው በፎቶ ብቻ ነበር። ያን ዓመት ክረምቱ ሲገባ ለእረፍት መጣች። ጥቁር አባያ ለብሳ፣ የማላውቀው ሳሙና እየሸተተች በሩ ላይ ስትቆም አፍሬ ከአክስቴ ኋላ ተደበቅሁ፤ በማግሥቱ ግን ቀሚሷን ጨብጬ ሽንት ቤት እንኳ ብትሄድ በር ላይ የምጠብቃት ሆንኩ። አንድ ቀን ከሰላት በኋላ «እስቲ የቀራሽውን ቁርኣን አሰሚኝ» አለችኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ አንበለበልኩት። ሳትስቅ፣ ሳትቆጣ ከሰማችኝ በኋላ ወደ አክስቴ ዞራ፣ «ይቺም እንደኔው ናት» አለች።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዓረብኛ ዓይን የምትባል ፊደል አለች፤ ከጉሮሮ መሐል ተጨንቃ የምትወጣ። እኛ ደግሞ የአማርኛ ልጆች ነን፤ ትምህርት ቤት መምህራችን አልፋው አ እና ዓይኑ ዐ መልካቸው እንጂ ድምፃቸው አንድ ነው ብለው አስተምረውናል። እናቴም ዕድሜዋን ሙሉ በዚያው አማርኛ ጉሮሮዋ ስትሰግድ ኖራ ጅዳ ስትገባ፣ የአሠሪዋ ልጆች ከኋላዋ ቆመው አፏን እያስመሰሉ ይስቁባት ነበር። በሩ ከውጭ የሚቆለፍ ቤት ውስጥ፣ ያለ ዘመድ፣ አላህን በምትለምንበት ሰዓት ይስቁባታል! «በእኔ ተስቋል። በልጄ ግን ማንም አይስቅም» አለች።

በማግሥቱ እጄን ይዛ እኔና የሰፈሩ ልጆች የምንቀራባቸው ሸህ ይማም ዘንድ ወሰደችኝና በሩ ላይ ቆማ፣ «ሸህዬ፣ የዚችን ልጅ ዓይን ሳያወጡ እንዳይለቁብኝ!» ብላ ጮክ አለች። ውስጥ ያሉት ደረሶች በሳቅ ወደቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ቃል በቃል ነው የገባኝ።

የሸህ ይማም ቤት ጭቃ ነው፤ ከሰው ራስ የማትበልጥ አንዲት መስኮት አለችው። ክረምት ሲሆን የበጉ አጎዛ ርሶ ይከረፋል፣ ከጥላሸት የሚበጠበጠው ቀለም በዚያ ላይ ይጨመራል፣ ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ ሃያ የሚሆን ልጅ ሁሉም የየራሱን እየጮኸ ይቀራል። ጓደኞቼ ሰሌዳቸውን እያጠቡ ወደሚቀጥለው ሲያልፉ እኔ ግድግዳ ሥር ከአንዲት ፊደል ጋር ተፋጥጬ ቀረሁ።

«ዓይን በይ።»

«አይን።»

«እሱማ የምታዪበት ነው። እኔ የጉሮሮውን ነው የምልሽ። በይ እንደገና።»

ሸህ ይማም አይገርፉም፤ ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር። የተቆላ ሽምብራቸውን እየቆረጠሙ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው «እንደገና» ይላሉ። ደግሜ ደግሜ የራሴ ድምፅ ያቅለሸልሸኛል። ልጆቹ «ዓይን የላትም!» እያሉ ያበሽቁኛል፤ ስሜ ዓኢሻ ስለሆነ ደግሞ አንዱ ክፉ፣ «ስሟን እንኳ መጥራት አትችልም እኮ!» አለ። እውነቱን ነው፤ አልችልም ነበር። ሰለቸኝ ብዬ ሳለቅስ ሸሁ፣ «አብሽሪ፣ አይዞሽ! የሚገባሽ ሲሰለችሽ ነው» ይሉኛል። እሳቸው አብሽሪ ባሉ ቁጥር መስኮቷ የጠበበች ይመስለኛል።

በዚያች መስኮት ሐይቁ ይታያል። ዓሣ አጥማጆቹ በዝናቡ ውስጥ ቀስ እያሉ ያልፋሉ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን መንገዱ ነበር፤ እናቴ ጃንጥላዋን ይዛ አንድ ቀን ለቅሶ ቤት፣ ሌላ ቀን አራስ ጥየቃ፣ ከሰፈር ሴቶች ጋር እየሳቀች ስታልፍ አያታለሁ። እኔን ለማየት ጎንበስ ትልና እጇን ታውለበልባለች። ውጫሌ ገበያ ስትሄድ ውሰጂኝ ብዬ እግሯ ላይ ተጠመጠምኩ፤ «ፊደሏን አምጪና አብረን እንዞራለን» አለችኝ። ማታ ስገባ ቤቱ በእንግዳ ተጣቦ ይጠብቀኛል፤ ዕቃ ውሰጂልኝ፣ እዚያ ያለችውን ልጄን አይተሻት ይሆን የሚል ሰው ሳያልቅ እንቅልፍ ይጥለኛል። እናቴ ከመጣች ወዲህ ከእሷ ጋር ከሆንኩበት ይልቅ ድሮ ከፎቶዋ ጋር የነበርኩበት ጊዜ ይበልጥ እንደነበር ያኔም ይሰማኝ ነበር። ያቺን ፊደል ጠላኋት፤ ወላሂ ሰው ብትሆን እነክሳት ነበር።

ዝናቡ መሳሳት ሲጀምር አንድ ጠዋት አክስቴ ቁርስ ስታቀርብልኝ፣ «እናትሽ እሑድ ትሄዳለች» አለችኝ። ሸሁ ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። አጎዛው ላይ ተደፍቼ ሳግ እስኪያንቀኝ አለቀስኩ። ሌላ መምህር ቢሆን ዝም በይ ይል ነበር። ሸህ ይማም ግን ሽምብራቸውን አስቀመጡና፣ «እዚያው ላይ ዓይን በይ!» አሉ። አልኩ። ከሳጉ ጋር፣ ታንቃ፣ ወጣች! «ያዣት! እንዳትለቂያት!» ብለው ብድግ አሉ።

ችግሩ እንባዬ ሲደርቅ ፊደሏም አብራ ደረቀች። ዕድሜ ልኬን እያለቀስኩ ልቀራ ነው? ከዚያች ቀን ወዲያ ማንም አላሰረኝም፤ ሸሁም «ሂጂ፣ ከእናትሽ ጋር ሁኚ» ብለውኝ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ እኔ ግን ልጆቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ ግድግዳው ሥር ተቀምጬ ጉሮሮዬን ስፈልግ ዋልኩ። እናቴ «ይቺም እንደኔው ናት» እንዳለች እንድትሄድ አልፈለግሁም። ቅዳሜ ማታ ያለ እንባ መጣች፤ ደጋግሜ ጠራኋት፣ ሁሌም መጣች።

እሑድ ማለዳ ወደ ደሴ የሚወስደውን መኪና አስፋልቱ ዳር ቆመን ስንጠብቅ፣ በዚያ ሁሉ ሸኚ መሐል ለእናቴ ቀራሁላት። ፊደሏ ላይ ስደርስ ዓይኗን ጨፈነች። «ማሻአላህ! ድገሚልኝ» አለች፤ ደገምኩላት። ከዚያ እሷም ሞከረች፤ «አ» አለች፣ አንገቷን ይዛ «አ» አለች፣ አልወጣላትም። እንደ ልጅ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። መኪናው መጣ። ግንባሬን ስማኝ ስትወጣ፣ «አብሽሪ፣ ስመጣ አንቺ ታስቀሪኛለሽ» አለችኝ።

አልመጣችም። ዛሬ ነገ ስትል እዚያው ታመመች፣ እዚያው ተቀበረች፤ አላህ ይዘንላት። ዛሬ በየሰላቱ ያቺ ፊደል ስትደርስ ያለ ምንም ድካም ትወጣልኛለች፤ በማንም ፊት ብቀራ የሚስቅብኝ የለም። ሸህ ይማም ትክክል ነበሩ፣ እናቴም ትክክል ነበረች። ግን እናቴ አጠገቤ የነበረችበት ክረምት እሱ ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ በመስኮት ነው ያየኋት። ታስቀሪኛለሽ ስትለኝ ቂርአቱን ማለቷ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ያኔ እንዲያ ነው የሰማሁት። አሁን፣ እናት ከሆንኩ በኋላ፣ ያው ቃል ከመንገድ መያዝም፣ አትሂጂ ማለትም እንደሆነ እየመጣ ያቃጥለኛል። እናቴን አላስቀራኋትም፤ አላስቀረኋትምም።