መኪናው ደጅ ከቆመ

መጨረሻ አብረን የሠራነው አንድ የሎጂክ ትምህርት ማረጋገጫ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኧርቪንግ ከተማ ባለው አፓርታማችን ውስጥ፣ የቁርሱ ሳህን ሳይነሳ። ባለቤቴ የኤርፖርት መንገደኞች የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። ኮሌጅ አብረን ተመዝግበን፣ አብረን ልንጨርስ ተማምለን ነበር።

የምናጠናው እንደ ድሮ ሙግት፣ በበላ ልበልሃ ነው። አንዳችን መስመር ይጽፋል፤ ሌላው «በምን?» ብሎ ይይዛል። መስመሩ የመጣበትን የሎጂክ ሕግ መጥራት ያቃተው ይረታል፤ የተረታ ዕቃ ያጥባል።

ያን ቀን «መኪናዬ ደጅ ከቆመ እኔ ቤት ነኝ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ «እኔ ቤት ነኝ» ጨመረ። ከዚያ ጋቢውን እንደ ተሟጋች ወደ ትከሻው መልሶ፣ «ስለዚህ መኪናዬ ደጅ ቆሟል!» አለ።

«በምን?»

«በመስኮት አታዪውም እንዴ?»

«ማየት ሕግ አይደለም። መኪናው ጋራዥ ገብቶ አንተ ሶፋ ላይ ተጋድመህ አታውቅም?»

ሳቀ። «ኦኬ ዳኛዬ፣ የኋላውን ወደ ፊት ገልብጬዋለሁ። ተረታሁ።» ዕቃውን አጠበና የሥራ መጥሪያ ፔጀሩን ወገቡ ላይ ሰክቶ፣ እጅጌው እንደረጠበ ወጣ።

ያን ዕለት እዚያው ሥራ ላይ ልቡ ከዳው፤ በሕይወት አልተመለሰም።

የሥራ ጓደኛው መኪናውን አምጥቶ መስኮታችን ሥር፣ በቦታው አቆመልኝ። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ጠዋት ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ አየዋለሁ። መኪናው ከቆመ እሱ ቤት ነው፤ መኪናው ቆሟል፤ ስለዚህ … ልቤ ከእኔ ቀድሞ ይደመድማል። እንዲያውም አንድ ቀን ሁለት ሳህን አቀረብኩ።

ኮሌጁ በእግር አይደረስም። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ግን ቦታው ባዶ እንዳይሆን ብዬ ቁልፉን አልነካሁም። ትምህርቱ እያመለጠኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ያን ቀን የጻፈበትን ወረቀት አውጥቼ ተቀመጥኩ። የእሱ የተገለበጠ ነበር፤ የእኔ አካሄድ ግን ትክክል ነው፤ መኪናውም በእርግጥ ቆሟል። መደምደሚያው ሐሰት ከሆነ፣ ሐሰት ሊሆን የሚችለው የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው። በትዳራችን ሁሉ እውነት የነበረው መስመር። እንደ ልማዳችን «በምን?» አልኩ። መስመሩ የእሱ ነው፤ ሕጉን መጥራት የነበረበትም እሱ ነበር። በእሱ ፈንታ እኔ ተረታሁ፤ ተነስቼ የተጠራቀመውን ዕቃ አጠብኩና ቁልፉን አነሳሁ።

አሁን ማክሰኞና ሐሙስ በእሱ መኪና ኮሌጅ እሄዳለሁ፤ ስመለስ እዚያው መስኮቱ ሥር አቆመዋለሁ።