ዓይን የተሰራላት አሻንጉሊት

የልጅ ልጄ የሸክላ አሻንጉሊት ልነግድ ብላ ባለፈው ሰሞን እዚህ እስራኤል፣ ጊቫት ሃሞሬ ባለው ቤታችን ጭቃ አቦካች። ሽታው ወስዶ ጎንደር፣ እናቴ ጎን አስቀመጠኝ። ልጅ ሆኜ እናቴ ለገበያ ለሰራቻት የጭቃ ሴት ዓይን ልበሳላት ስንጥር ባነሳ፣ እናቴ እጄን ቀብ! «ተይ አንቺ ቀበጥ! ለገበያ የምትሄድ ዓይን አይሰራላትም። ቤቱን ካየች ትመለሳለች።»

ይኸን ብነግራት ልጅቱ ሳቀችብኝ። «እምዬ ደግሞ! ዕውር ማን ይገዛል?» ለአንዲቱ አሻንጉሊት ዓይን ሰርታ፣ በእሳት ተኩሳ፣ መሀል ከተማ ላለ ሱቅ ሰጠቻት። «ሰዉ ከወደዳት ሌላም እንወስዳለን» አሏት።

ዛሬ ጠዋት ያቺው አሻንጉሊት በረንዳችን ላይ ቁጭ ብላለች። ልጅቱ ደንግጣ በፔሌፎን፣ በእጅ ስልኳ፣ ለሱቁ ብትደውል፣ «ኧረ እዚሁ መስኮታችን ላይ ናት! ሰዉ ወዷታል፤ አስር ጨምሪልን» አሏት።

ልጅቱ አዲስ ጭቃ ድቡልቡል አርጋ ስንጥሩን አነሳችና እኔን አየችኝ።

«ምን ታዪኛለሽ? ቤታችን ጠባብ ነው» አልኳት።