ከሚስማር ቀዳዳ የገባች ፀሐይ

ካሳራኒ ሰፈር ከማታቱ ታክሲ ስወርድ ነው የያዙኝ። ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው በሙሉ ስሜ ጠራኝ። ናይሮቢ ውስጥ ሙሉ ስሜን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በእጄ ቲማቲም የያዘ ፌስታል ነበር። መኪና ውስጥ አስገብተው ዓይኔን በጨርቅ ካሰሩኝ በኋላ ቲማቲሙን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ለምን እንደሆነ እስካሁን ይገርመኛል።

ማን እንደያዘኝ ዛሬም አላውቅም። የጠየቁኝ ግን ስለ አገሬ ነበር፤ እዚህ ስላደረግነው ስብሰባ፣ ማን እንደተናገረ፣ ማን እንዳጨበጨበ። የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ያጨበጨበውን አላየሁም አልኳቸው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት መብራት በማይጠፋበት ክፍል አሳለፍኩ፤ ስንት እንደሆኑ አላውቅም። ከዚያ ወደ ሌላ ክፍል ወሰዱኝ።

ይኸኛው ቀድሞ ዕቃ ቤት የነበረ ይመስላል። መስኮት የለውም። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ቀለም አልቆባቸዋል መሰለኝ። ሦስት ስፖንጅ ፍራሽ፣ አንድ ባልዲ፣ የብረት በር፤ በሩ ላይ ሳህን የምታሳልፍ ትንሽ መስኮት የምትመስል መዝጊያ። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። አንድ ሚስማር ወልቆ ቀዳዳ ትቷል፤ በእሷ በኩል የሳንቲም ያህል ብርሃን ገብታ ቀኑን ሙሉ ወለሉ ላይ ትሄዳለች።

ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ነበሩ። አንዱ ያገሬ ሰው ነው፤ የሆሳዕና ልጅ፣ ፓስተር። ስደተኞች ሰብስቦ ሲጸልይ ባለሥልጣን በስም ጠርቷል ተብሎ ነው የገባው። ሁለተኛው ኩርድ ነው፤ ከኢራን። ስድሳ ይሆነዋል። በአገሩ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ እዚህ ሞባይል ይጠግን ነበር። ሲይዙት መነጽሩ ተሰብሯል፤ ከክንዱ ርዝመት በላይ ያለው ሁሉ ለእሱ ጭጋግ ነው። የምንግባባው በተሰባበረ ስዋሂሊ ነው፤ ሲያቅተን ፓስተሩ በእንግሊዝኛ ያቀናልናል። እኔን «ካካ» ይለኛል፤ በእነሱ ቋንቋ ወንድሜ ማለት ነው።

በገባሁ በማግስቱ የጠየቀኝ ስለ ክሴ አልነበረም።

«ካካ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

በእኔ ግምት የካቲት አጋማሽ አልፏል። ፓስተሩ እሑዶቹን ይዤ ቆጥሬያለሁ ይላል፤ የእሱ ቁጥር ከእኔ በዘጠኝ ቀን ይለያል። ጠባቂዎቹ ቀን እንዳይነግሩን ታዝዘዋል። የሚነግሩን ሰዓት ብቻ ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ የእኛና የእነሱ አንድ ነው፤ የእኛ ስድስት ሰዓት የእነሱም ሳ ሲታ ነው። ኩርዱ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «እኩለ ቀንን ስድስት ከሚሉ ሰዎች መሀል ተቀምጬ ቀን እጠይቃለሁ!» አለ።

ለምን እንደፈለገው ነገረን። በእነሱ ዘንድ አዲስ ዓመት የሚገባው ብርዱ ሲያልቅ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት ነው። ኔውሮዝ ይሉታል። በዋዜማው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ እሳት አንድደው ይሻገሩታል። ሚስቱ እዚያ ቀርታለች። ከተለያዩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ስልኳ ስለሚጠለፍ አይደዋወሉም። ቃል የተገባቡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያች ዋዜማ እሷም እዚያ ታነድዳለች፣ እሱም እዚህ።

«በሌላ ቀን ብታደርጉትስ?» አልኩት።

«በሌላ ቀን ፀሐያችን አትገጥምም» አለኝ። «በብርዱ ወራት የእሷ በጊዜ ትጠልቃለች፤ በሙቀቱ ታመሻለች። የናይሮቢዋ ግን ዓመቱን ሙሉ ያው ናት። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ተቀራርበው ይጠልቃሉ። እስከ ዛሬ አላጓደልኩባትም። ሌላ የያዝኩላት ነገር የለኝም።»

ሰውየው አስተማሪ ነውና መላ ነበረው። ከብርድ ልብሱ ረጅም ክር መዘዘ፤ ከሸሚዙ አንድ ቁልፍ ቆርጦ ጫፉ ላይ አሰረ። ፓስተሩ ትከሻው ላይ አወጣኝና ክሩን ቀዳዳዋ ጠርዝ ላይ ካለው እንጨት አሰርኩት። ቁልፉ ወለሉን ሊነካ ሲል ቆመ።

«ጌታ ይቅር ይበለኝ፤ ጥንቆላ ተሸከምኩ» አለ ፓስተሩ ከሥሬ።

«ጥንቆላው ሰባ ኪሎ ነው፤ ቶሎ አውርደው» አልኩት።

ኩርዱ አስረዳን። እኩለ ቀን ላይ የብርሃኗ ነጥብ በየቀኑ ጣት ያህል ትሸሻለች። አንድ ቀን ከቁልፉ ሥር ልክ ትውላለች። ናይሮቢ ከምድር ወገብ ትንሽ ወደ ደቡብ ስለሆነች ፀሐይ ቀድማ አናቷ ላይ ትደርሳለች፤ ዋዜማው ከዚያ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው። እሱ ነጥቧን አያያትም። ጎንበስ እንዳይል ወገቡን በምርመራ ጎድተውታል። ፓስተሩ በዚያ ሰዓት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይጸልያል፤ ፀሐይ መቁጠር ባዕድ አምልኮ ነው ብሎ ዘወር አይልም። ስለዚህ ዓይን እኔ ሆንኩ።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ማንበብ የተማርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። እስከዚያ በአውራ ጣቴ ነበር የምፈርመው፤ ምን ላይ እንደፈረምኩ ባለማወቄ ቤቴን ጭምር አጥቻለሁ። ፊደል ከለየሁ በኋላ መጀመሪያ የገዛኋት ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የምትሸጥ ትንሽ የበዓላት ማውጫ ነች። በቃሌ ይዣታለሁ። መዓልትና ሌሊት የሚተካከሉት መስከረም ሃያ አምስትና መጋቢት ሃያ አምስት ነው ትላለች፤ ዕሪና ይባላል። ለኩርዱ ስነግረው ፊቱ በራ።

«እናንተም ትቆጥሩታላችሁ!»

ደመራውንም ነገርኩት፤ በመስከረም፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ችቦ እንደምንለኩስ።

«ስድስት ወር ተራርቀን አንድ እሳት ነው የምናነድደው» አለ።

«አንድ አይደለም። የእኛ የመስቀሉ ነው።»

«የመስቀሉ ይሁን። ፀሐይዋስ?»

ፓስተሩ ከግድግዳው ሳይዞር «የሐዲያው አዲስ ዓመት፣ ያሆዴም፣ መስከረም ላይ ነው» አለ። «አያቴ ችቦውን ይዞ ከፊት ይሄድ ነበር። ጌታን ካገኘሁ ወዲህ ትቼዋለሁ።»

«ታዲያ አሁን ምን አስታወሰህ?»

«ቅቤው» አለ።

ከጠባቂዎቹ አንዱ፣ አፋንዴ የምንለው ወፍራም ሰው፣ በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ራሱ ለኩሶ አንድ ሲጋራ ይሰጠኝ ነበር። እሱንም ጠየቅኩት፤ በእናንተስ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆን ታከብራላችሁ? በበሩ መዝጊያ በኩል እንደ እብድ አየኝ፤ «ምዜ» የሚለኝ ሽማግሌ ለማለት ነው።

«ምዜ፣ እዚህ ሁልጊዜ እኩል ነው። በየቀኑ ልንጨፍር ነው?»

ኩርዱ ይህን ስተረጉምለት ወገቡን ይዞ ሳቀ። እውነቱን ነው አለ፤ በዓሉ የሚያስፈልገው ብርሃን ለሚጎድለው ሰው ነው።

በእኔ ቁጥር መጋቢት አራት በሚሆነው ቀን ነጥቧ የቁልፉን ጠርዝ የነካች መሰለኝ። መሰለኝ እንጂ አልነካችም ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ግን ቁልፉ ላይ ወጣችበት፤ ነሐስ ሆኖ አበራ።

«ካካ፣ የት ደረሰች?»

«ገና ናት» አልኩ።

ለምን እንደዋሸሁ አሁን ለመናገር ቀላል ነው። መጽሐፏ ሃያ አምስት ትላለች። በእኔ ቁጥር ሃያ ቀን ይቀራል። በፓስተሩ ቁጥርም ቢሆን ሃያ አምስት አልደረሰም። የጎበጠ ቆርቆሮ ላይ ያለች ቀዳዳ ከመጽሐፍ በልጣ ልታስተምረኝ ነው? ዕድሜዬን ሙሉ ያነበቡ ሰዎች ሲያታልሉኝ ኖሬ፣ አንብቤ ያወቅኳትን አንዲት ነገር ደግሞ ሰማይ ሊቀማኝ ነው? ቀዳዳዋ ጠማማ ናት አልኩ በልቤ። በማግስቱም «ገና ናት» አልኩ። በሦስተኛውም ቀን። ነጥቧ ግን ቁልፉን አልፋ ሄደች።

በማግስቱ ሻይ መጣ። በሳምንት አንዴ ነው ስኳር ያለው ሻይ የሚመጣው። ኩርዱ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ በእግሩ እየዳሰሰ ወደ እኔ መጣ።

«ያንተ ነው» አለኝ። «ዓይን ሆነህልኛል።»

አንድ ጊዜ ጎነጨሁ። ኩባያውን መሬት አስቀመጥኩና፣ «ቁልፉ ላይ ከደረሰች ሦስት ቀን ሆኗታል» አልኩ።

ፓስተሩ ከግድግዳው ዞረ። «ሦስት ቀን! እኔ እዚህ ስጸልይ አንተ ከጀርባዬ ስትዋሽ ነበር?»

«መጽሐፏ ሃያ አምስት ነው የምትለው።»

«መጽሐፏን ነው የምትጠብቀው ወይስ ሰውየውን?»

ኩርዱ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጣቱን አንድ በአንድ እያጠፈ ቆጠረ። «ሦስት ከሆነ» አለ፣ «ሌዮ።» ዛሬ ነው ማለቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ውሸቴ ማንም አልተናገረም፤ ሥራ ነበረን። ከብርድ ልብሶቻችን የተነሳውን ብናኝ ሁሉ ለቅመን እንደ ጥጥ ነደፍነው፤ የለውዝ ያህል የነበረው የጡጫ ያህል ሆነ። ኩርዱ ከመጠጥ ውሃው ፊቱን ታጠበ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆለፈ። ሲጋራዬ ስትመጣ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳብኳትም፤ እፍ እያልኩ ፍሟን ብናኙ ላይ ያዝኳት። ጨሰ፤ ጨሰ፤ ከዚያ የጣት ቁመት ያላት ነበልባል ብድግ አለች።

ኩርዱ ጫማውን አውልቆ ተሻገራት። አንድ እርምጃ ነው፤ ሕፃን የሚሻገረው ነገር ነው። እሱ ግን ወገቡን አቃንቶ፣ ሰው ፊት እንደቆመ፣ ቀስ ብሎ ነው የተሻገረው። በቋንቋው አንድ ነገር አለ። ከዚያ እጄን ያዘ።

«እኔ ዋሽቻለሁ» አልኩት።

«ሰው እሳት የሚሻገረው ንጹሕ ሲሆን ነው ያለህ ማነው?»

ተሻገርኩ። ፓስተሩ አልተሻገረም። ኮቱን አውልቆ ከበሩ መዝጊያ ፊት ቆመና ጭሱን ያራግብ ጀመር። «ለበዓሉ አይደለም፤ ለሳሌ ነው» አለ። መዝጊያዋ ተከፈተች።

«ምንድን ነው የሚነድደው?» አለ አፋንዴ።

«ጸሎት ላይ ነን» አለ ፓስተሩ።

«ጭስ ያለው ጸሎት?»

«የኦርቶዶክስ ነው» አለና እኔን አመለከተ።

አፋንዴ በፓስተሩ ትከሻ ላይ አሻግሮ ያችን የእሳት ጭላጭ አየ፤ ባዶ እግሩን የቆመውን ሽማግሌ አየ። መዝጊያዋን ዘጋ። ለሁለት ሳምንት ሲጋራ ቀረብኝ።

ኩርዱን ከእሳቱ በኋላ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ወሰዱት። ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ፤ ለማሰር ጊዜ አልሰጡትም። የት እንደወሰዱት አላውቅም። ከእኛ ጋር እያለ ቀኑን እንቆጥር የነበረው ለእሱ ነበር፤ ከሄደ በኋላም መቁጠሩን አልተውንም። ከእሳቱ በኋላ በአርባ ሁለተኛው ቀን እኔን መንገድ ዳር አወረዱኝ።

አሁን እዚሁ ናይሮቢ፣ ሩንዳ ሰፈር፣ የአንድ የውጭ አገር ሰው ግቢ ውስጥ አትክልተኛ ነኝ። ጠያቂ ሆኛለሁ። ሰው ሳገኝ የምጠይቀው፣ በአገርህ ለፀሐይ የምታከብሩት ቀን አለ ወይ ብዬ ነው። አሠሪዬ ከሰሜን አውሮፓ ናት፤ ረጅሙ ቀን ላይ፣ በሰኔ፣ እሳት ያነድዳሉ፤ ፀሐይዋ አልጠልቅ እያለች እሳት ምን ያደርግላችኋል ስላት እሷም አታውቅም። ሕንዱ ባለ ሱቅ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትመለስ ሰሊጥ በስኳር ይበላሉ፣ በክር የታሰረ ወረቀት ያበርራሉ አለኝ። መንገድ ሥራ ላይ ያለ ቻይና፣ ቀኑ ከሁሉ በሚያጥርበት ዕለት ቤተሰብ ተሰብስቦ በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ ይበላል አለ። ቀን በሚተካከልበት ሰሞን መቃብር የሚጠርጉ ጃፓኖችም አሉ። ሁሉንም በደብተር እጽፋለሁ፤ በእጄ ጽሑፍ፣ ጠማማ ቢሆንም።

እዚህ ያሉ አንድ መሪጌታንም ስለ ሃያ አምስቱ ጠየቅኳቸው። «ቁጥሩ ሲወጣ ልክ ነበር» አሉኝ፤ «ፀሐይዋ በብዙ ዘመን ቀስ እያለች ከቁጥሩ ወጣች። እኛ ለሥርዓታችን ይዘነዋል። ፀሐይን እሰር ያለህ የለም።»

በተፈታሁ በሁለተኛው ቀን የዕለቱን ቀን ከጋዜጣ አይቼ፣ ከተፈታሁበት ዕለት አርባ ሁለቱን ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ደጋግሜ ቆጠርኩ። እሳቱን ያነደድነው ከዋዜማው በማግስቱ ነው። ያ መጀመሪያ ነጥቧ የቁልፉን ጠርዝ ነክታ፣ አልነካችም ብዬ የተውኩት ቀን ይቆጠር ነበር። ሦስት ብዬ የተናዘዝኩት አራት ነበር።

ለፓስተሩ ነገርኩት፤ እሱም ተፈትቶ ሁርሊንግሃም ሰፈር ምሳ ጋብዞኝ ነበር።

«ምናልባት እሷም በማግስቱ ደግማ አንድዳ ይሆናል» አለ። «የሚጠብቅ ሰው አንድ ቀን ብቻ አያነድድም።»

እንደዚያ ይሆናል ወይ? እስካሁን ከጠየቅኳቸው ሰዎች ይህን የሚያውቅ አላገኘሁም።