አባቴ የፈረመባቸው ሦስት ካርዶች

በጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ የተቃጠለ ዘይት ከሸተተኝ፣ የሚታየኝ መኪና ሳይሆን ካርቱም ውስጥ አባቴ ይሠራበት የነበረው የጎልፍ ሜዳ ነው። ሣር ስላልነበረው፣ ኳሷ የምትገባባቸው ጉድጓዶች ዙሪያ አሸዋ ተደልድሎ፣ ነፋስ እንዳይወስደው አሮጌ የሞተር ዘይት ይረጭበት ነበር። ያንን አሸዋ በየቀኑ ሰፊ ጣውላ በገመድ እየጎተተ የሚያስተካክለው አባቴ ነበር፤ አመሻሹ ላይ አል-ሳሃፋ የሚባል ሰፈር ወዳለው ቤታችን ወገቡን ይዞ ሲገባ ለማውራት እንኳ ጉልበት አልነበረውም።

አንድ ዓመት ብርዱ እንደገባ፣ የሜዳው ጸሐፊ የነበሩት ሱዳናዊ፣ ሠራተኞቹን ሰብስበው፣ «የዛሬ ዓመት የሠራተኞች ውድድር አለ፤ ያሸነፈ የጀማሪዎች አስተማሪ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ» አሏቸው። አባቴ አርብ አርብ ጠዋት፣ አባላቱ ሳይመጡ እንዲጫወት ተፈቅዶለት ለዓመታት ተለማምዶ ስለነበር፣ ከጣውላው የሚገላገልበት ቀን የመጣ መሰለው፤ እኛም መሰለን።

ለመወዳደር ግን ሃንዲካፕ የሚባል ቁጥር ማውጣት ነበረበት። አሥራ ስምንቱን ጉድጓድ ሦስት ጊዜ ሲዞር፣ አብሮት የሚጫወት ሰው ምቶቹን እየቆጠረ ካርድ ላይ ይጽፍለትና ሁለቱም ይፈርማሉ፤ ጸሐፊው ካርዶቹን አይተው ቁጥሩን ይሰጣሉ። በውድድሩ ቀን ያ ቁጥር ከምቶቹ ድምር ላይ ይቀነሳል፤ የሚያሸንፈው ጥቂት የመታ ስለሆነ፣ ደካማው ትልቅ ቁጥር ተሰጥቶት ከብርቱው ጋር ይተካከላል። ሰው ድካሙን ሳይደብቅ በመናገሩ የሚጠቀምበት ሌላ ነገር እስካሁን አላጋጠመኝም።

ቆጣሪው ጋሽ ሀብቱ ሆነ፤ የሜዳው ዘበኛ፣ ጨዋታውን ከአባቴ የተማረ፣ አባቴን ሲያይ ከመቀመጫው የሚነሳ። አርብ ትምህርት ስለሌለኝ ከኋላቸው እየተከተልኩ በጣቴ እቆጥር ነበር። አባቴ ሰባት ሲመታ ጋሽ ሀብቱ አምስት ይጽፋል።

«ባባ፣ ሰባት ነው እኮ የመታኸው» አልኩት በጆሮው።

«ዝም በይ፤ አክብሮኝ ነው። አሁን ላሳፍረው?» ብሎ ፈረመ። ትንሽ ደስም ብሎት ነበር።

ሙቀቱ ገብቶ ሀቡብ የሚሉት የአሸዋ አውሎ ነፋስ ሜዳውን አቧራ ሲያለብሰው፣ አባቴ የተበተነውን አሸዋ መልሶ ሲደለድል ሰነበተ። በዚያው ሰሞን፣ ሃያ ይገባው የነበረ ሰው በእነዚያ በፈረመባቸው ካርዶች የተነሳ አሥራ ሁለት ተሰጠው። እናቴ ነገሩን ስትሰማ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለች። አባቴ ሄዶ እንዳያስተካክል፣ ጋሽ ሀብቱ ውሸታም ሊባልበት ሆነና ተወው።

ዝናቡ አባርቶ ብርዱ ሲመለስ ውድድሩ ተደረገ። አባቴ ዘጠና መታ፤ አሥራ ሁለት ሲቀነስ ሰባ ስምንት። ወጥ ቤት ይሠራ የነበረ አንድ ሱዳናዊ ዘጠና ስምንት መትቶ፣ ሃያ አራት ተቀንሶለት ሰባ አራት ወጣለትና አስተማሪ ሆነ። ጸሐፊው አባቴን «ማዓሌሽ፣ አይዞህ» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ጋሽ ሀብቱ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ላክብርዎ ብዬ ነው» አለው።

«አውቃለሁ፣ ሀብቱ» አለና ጣውላውን ሊጎትት ሄደ።

ያኔ ጋሽ ሀብቱን ጠልቼው፣ ለብዙ ጊዜ ሰላም አልለውም ነበር። ዛሬ ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ፤ አለቃዬ «አንቺ ብርቱ ነሽ፣ አያቅትሽም» ብላ የሁለት ሰው ሥራ ስትሰጠኝ፣ ደክሞኛል ማለት እየፈለግኩ «እሺ» እላለሁ። ለአባቴ ቢያንስ እውነቱን በጆሮው የምትነግረው ልጅ ነበረችው። እኔ ደክሜ ስገባ የሚጠይቀኝ ሰው የለም፤ ቢጠይቀኝም ደህና ነኝ ነው የምለው።