«አመሰግናለሁ» ያለችው ታብሌት

ለወዳጅ ዘመድ፣ ለሚያውቀኝም ለማያውቀኝም በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ... ትናንት ከእኩለ ቀኑ የዙሁር ሶላት በኋላ በሐርጌሳ ከተማ ሁለት ሽማግሌዎች አንዲት ታብሌት መርጠዋል። ምርጫው እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ፈጅቷል። የሞተም የቆሰለም የለም።

ቤት ውስጥ «ለአብዲ ታብሌት ልገዛለት ነው» ስል ባለቤቴ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ከምግብ በፊት ነው በኋላ የሚዋጠው?» አለችኝ። እንዲህ ካለች ሴት ጋር ነው ያረጀሁት።

አብዲ ማለት ሐረር አብሮኝ ያደገ ሰው ነው። እሱ ሾፌር፣ እኔ መካኒክ። ሐርጌሳ ከገባን ወዲህ ልጆቻችን አማርኛ ስለማይሰሙ የምንሰዳደበው በአማርኛ ነው። የልጅ ልጆቻችን መሀል ቁጭ ብለን፣ ሻይ እየጠጣን፣ በፈገግታ... የማይወጣን ስድብ የለም። ልጆቹ ዱዓ የምንደራረግ ይመስላቸዋል።

አምስት ወር ይሆነዋል፣ ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑና ምላሱ ተያዙ። ሐኪሙ «ሁሉንም ይሰማል፣ ይገባዋልም» ብሎናል። እኔም በየቀኑ ቤቱ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ድረስ እየሄድኩ እሰድበዋለሁ። ዝም ብሎ ያየኛል። መልስ የሌለው ስድብ... እንዴት ልበላችሁ፣ የታሰረ ሰው መምታት ይመስላል። ታብሌቱ ያስፈለገው ለዚህ ነው። በግራ እጁ ይጻፍልኝ ብዬ።

ትናንት አብዲን በባጃጅ ወሰድኩትና ከሾፌሩ ጋር ተጋግዘን ሱቅ አስገብተን ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ባለሱቋ ሆዳን ጅግጅጋ የተማረች ናት፤ አማርኛዋ ከኔ ይሻላል። ሁለት ታብሌት ጎን ለጎን አስቀመጠችልን። አንዷ መዳፍ የምታክል፣ ሌላዋ ሰፋ፣ ከበድ ያለች።

«አዴር» አለችኝ፣ በሶማሊኛ አጎቴ ማለቷ ነው፣ «ትንሿ ስምንት ጂቢ ናት። ሰፊዋ አራት ጂቢ።»

«እኛ የሐረር ልጆች ነን፤ በጅብ ብዛት አታስፈራሪን» አልኳት።

ሆዳን ሳቀች። እኔ የማየው ግን አብዲን ነበር። ደህና ቢሆን ኖሮ «አቦ፣ አንተን ጅቡም ቀምሶ ተፍቶሃል እኮ» ይለኝ ነበር። የአፉ አንድ ጎን ትንሽ ነቅነቅ አለ... ወይም መሰለኝ።

ሆዳን ስለ ባትሪው ነገረችኝ፣ ስለ ካሜራው ነገረችኝ። በመጨረሻ ታከተኝ። «ልጄ፣ የካሜራ ጉዳይ የለኝም። ይኼ ሰውዬ በየትኛዋ ነው ሊሰድበኝ የሚችለው?»

«ትንሿ ቀላል ናት፣ አማርኛም ጭኜባታለሁ። ይሞክሯት» አለችና አብዲ ፊት አስቀመጠችለት።

የግራ እጁ ጣት «አ»ን ነካ። ከፊደሎቹ በላይ ታብሌቷ ራሷ የገመተቻቸው ቃላት ተደረደሩ። ጣቱ እንደገና አንዱ ላይ አረፈ። ስክሪኑ ላይ «አመሰግናለሁ» የሚል ወጣ።

«ማሻአላህ፣ ተናገሩ እኮ» አለች ሆዳን። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«እሱ አይደለም» አልኳት።

«እንዴት?»

«የዚህን ሰውዬ መኪና በጠራራ ፀሐይ ከሥሯ ተኝቼ ስንት ጊዜ ጠግኜለታለሁ። አንድ ቀን አመስግኖኝ አያውቅም። ዛሬ ምን አገኘው?»

«ልባቸው ውስጥ የነበረ ቢሆንስ፣ አዴር?»

ወደሱ ዞርኩ። «አብዲ፣ አንተ ነህ ያልከው ወይስ ታብሌቷ?»

ጣቱ ወረደ፣ እንደገና ነካ። አሁን ደግሞ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው... «እግዚአብሔር ይመስገን»።

ሆዳን አፏን ያዘች። ሁለት ጊዜ ሐጅ ያደረገ፣ ሲያስነጥስ እንኳ አልሐምዱሊላህ የሚል ሰውዬ ነው። ይቺኛዋን ታብሌቷ መናገሯ ግልጽ ነው። የመጀመሪያዋን ግን... ማን ነው የተናገረው? አብዲን አየሁት፣ አየኝ። ያ ዓይን ምን እንደሚል ለመጀመሪያ ጊዜ ያልገባኝ ያኔ ነው።

«ልጄ፣ ይቺን ቃል አቀባይ አጥፊልኝ።»

አጠፋችው። ታዲያ የትንሿ ፊደሎች የምስር ፍሬ አያክሉም። አብዲ አንዱን ሲል ጎረቤቱን ይነካል። ላብ አጠመቀው። እኔ ልረዳው አልችል፣ ሆዳን አትችል፣ ሁላችንም የአንድ ሰው ጣት እያየን ቆመናል።

ሆዳን ሰፊዋም ላይ አማርኛ ጫነች፣ ቃል አቀባይዋንም አጠፋች፤ ጭኑ ላይ አደረግንለት። በዚህ መሀል ደንበኛ መጣና ሆዳን ሄደች። ብቻችንን ስንቀር ጠጋ አልኩትና ጀመርኩ። «ሽንኩርት የጫነ መኪና ገደል ከትተህ አንተ ዛፍ ላይ የተገኘህ ሾፌር... መልስ ስጠኝ እንጂ።»

ጣቱ ተነሳ። ብዙ ቆየ። «አ»።

እንደገና ብዙ ቆየ... «ህ»።

ከዚያ «ያ»።

ሆዳን ተመልሳ «አህያ» ብላ አነበበችውና ደነገጠች። «አዴር፣ ይቅርታ... ይቺ ትሳሳታለች መሰለኝ። ትንሿን ልስጣችሁ?»

«አልተሳሳተችም። ስሜ ነው። ይቺን ጠቅልዪልኝ» አልኳት።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። ጅቡም እውነት ነው፣ ሽንኩርቱም እውነት ነው፣ ሾፌሩም ዛፍ ላይ ተገኝቷል። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ... አብዲ የጻፈው «አህ» ድረስ ነው። ከዚያ ጣቱ ደክሞት ጭኑ ላይ ወደቀ። «ያ»ን የነካሁት እኔ ነኝ።